ወፍና ቢራቢሮን ወደ ግቢ ስለ መጥራት
(ለይፋት ቆላ ልጆችና ለሌሎችም ጓደኞቻችን የቀረበ)

በይፋት ቆላ አንድ ሰው ተነሥቶ «ወፍ ወደ ግቢዬ እጠራለሁ» ቢል፥ ጎረቤቶቹ ጤንነቱን ሳይጠራጠሩ አይቀሩም። በዚያ አገር ወፍ ይባረራል እንጂ አይጠራም። ማሽላው ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪቆረጥ ድረስ፥ ልጆች ገና ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥተው፥ ወንጭፍ እያስጮኹና ቆርቆሮ እየመቱ፥ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከግሪሳ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። ከእኛ ጋር ከሚማሩት የአገሩ ልጆች መካከል የመጀመሪያውን የወፍ ትምህርታቸውን በዚያ ማማ ላይ የተማሩ ጥቂቶች አይደሉም።

ታዲያ ይህን እያወቅን ስለ ምን ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ተነሣን? ምክንያቱ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ወር ማለቂያ፥ ትምህርት ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ከመካከላችን አንዱ ሸዋ ሮቢት በሚገኘው የቤተ ሰቡ ግቢ ነበረ። ከአንድ የውጭ አገር የአትክልት መጽሐፍ ባነበበው መሠረት በሳህን ማሽላ አድርጎ በአጥሩ ላይ አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ግቢው በወፍ ተሞላ፤ ጓደኛችንም እጅግ ደስ አለው። በአምስተኛው ቀን ግን አጥር የሚጋሩት አንዲት እናት መጡና፥ «ልጄ፥ እኛ በወንጭፍ የምናባርረውን አንተ በሳህን ትጠራዋለህ?» አሉት። ጓደኛችን መልስ አልነበረውም። «ይቅር ይበሉኝ እማማ» ብሎ ሳህኑን አነሣ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተመለሰ በኋላ ነገሩን ሲያጫውተን መጀመሪያ ሳቅን፤ ቆይተን ግን ተከራከርንበት። መጽሐፉ ሐሰት አልጻፈም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት በረዶ ምድሩን ስለሚሸፍነው፥ ሰዎች ለወፎች እህል በማስቀመጥ ከረኃብ ያተርፏቸዋል። በይፋት ግን በረዶ የለም፤ ያለው ማሽላ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከአገሩ ጋር ሳናስታርቅ ብንሠራበት፥ ለራሳችን ደስታ ስንል የጎረቤትን እህል ለወፍ አሳልፈን መስጠታችን ነው።

ከዚህ ክርክር የደረስንበትን አሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፤ ወፍ መጥራት እህል መበተን አይደለም። ለወፍና ለቢራቢሮ መኖሪያ የሚሆን ዛፍ፥ ቅጠል፥ አበባና ውሃ ማሰናዳት፥ መርዝንም ማራቅ ነው። ይህ በደንብ ከተሠራ የጎረቤትን ማሽላ አይነካም፤ እንዲያውም ይረዳዋል። እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ቀጥለን በየተራው እናስረዳለን።

አንደኛ፤ አገሩንና ወራቱን ስለ ማወቅ

የአትክልት ሥራ አገርን ከማወቅ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን ካለፈና በጣርማ በር ዋሻ ከሾለከ በኋላ፥ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፥ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን ከፍታዋ 1,280 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካፖርት ከሚለበስበት ደጋ፥ ጥላ ወደሚፈለግበት ቆላ ይደርሳል። ዛፉም ወፉም አብሮ ይለወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ የሠመረ ተክል በሸዋ ሮቢት ግቢ ሊደርቅ ይችላል።

በዚሁ ተዳፋት ላይ፥ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል፥ ጥድና ዝግባ የሞላበት ጥንታዊ ደን አለ፤ ስሙም «ወፍ ዋሻ» ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ ደን በመጣ ዘር ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ደኑ የወፎች መጠጊያ ተብሎ መጠራቱ ለእኛ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ወፍን የሚያመጣው መጠጊያ ነውና።

ቆላው በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጥላል፤ አንዳንድ ዓመትም ይቀራል። ዋናው ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ይጠነክራል። በመካከሉ ሁለት የችግር ጊዜዎች አሉ፤ አንደኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው በጋ፥ ሁለተኛው ሙቀቱ የሚበረታበት ግንቦትና ሰኔ ነው። ስለዚህ ግቢውን የሚያሰናዳ ሰው «በመስከረም ምን ያብብልኛል?» ብሎ አይድከም፤ በመስከረም ሜዳው ሁሉ ያብባል። የሚጠይቀው ጥያቄ «በጥርና በሰኔ በግቢዬ ምን አለ?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛ፤ ወፎችን በምንቃራቸው ስለ መለየት

በኢትዮጵያ ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸው ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ በስም ለማወቅ ዕድሜ ይጠይቃል። ለግቢ ሥራ ግን ምንቃርን ማየት ይበቃል፤ ምንቃር የወፍ ማንኪያ ነውና፥ ማንኪያውን ያየ ሰው ምግቡን ያውቃል።

ሀ) ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም የሆኑት ፍሬ ፈልፋዮች ናቸው። ድንቢጦች፥ ጎጆአቸውን እየሸመኑ በግራር ላይ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ወፎችና ግሪሳ ከዚህ ወገን ናቸው። ግሪሳ በብዙ ሺህ፥ አንዳንድ ጊዜም በሚሊዮን በሚቆጠር መንጋ ይጓዛል። አንድ ግሪሳ በቀን እስከ 10 ግራም ያህል እህል ይበላል ይባላል። ይህ ሲታይ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በአንድ ቀን 100 ኩንታል በላ ማለት ነው። እማማ የተቆጡት ይህን ሒሳብ በዓይናቸው ስላዩት ነው። ሆኖም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ግሪሳ ራሱ ከእህል ይልቅ የሜዳ ሣር ፍሬ ይመርጣል፤ ወደ ማሳ የሚዞረው የሣሩ ፍሬ ሲያልቅበት ነው።

ለ) ምንቃራቸው ቀጭን፥ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ የሆኑት ከአበባ ቀሰም የሚጠጡ ትንንሽ ወፎች ናቸው። ወንዶቹ በእርባታ ጊዜ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፥ ሐምራዊና ቀይ ላባ አላቸው። በውጭ መጻሕፍት ሥዕላቸው የምናየው፥ በአየር ላይ ቆመው ቀሰም የሚጠጡት ሌሎች ናቸው፤ እነዚያ ከአሜሪካ አህጉር በቀር የትም አይገኙም። የእኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠው ስለሚጠጡ፥ አበባው ጠንካራ አገዳ ሊኖረው ይገባል። ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉትም በቀሰም ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ነፍሳትና በሸረሪት ነው።

ሐ) ምንቃራቸው ቀጭንና ቀጥ ያለ ወይም ሹል የሆኑት ነፍሳት ለቃሚዎች ናቸው። ከቅጠል ላይ ትል የሚለቅሙት፥ ዝንብ በአየር ላይ የሚቀልቡትና የዛፍ ግንድ የሚቆረቁረው ግንደ ቆርቁር ከዚህ ይቆጠራሉ። ለጓሮ አትክልት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሠራተኞች እነዚህ ናቸው።

መ) ፍሬ በላተኞቹ ደግሞ ሾላ፥ አጋምና የበሰለ ፓፓያ የሚወዱት ናቸው። ፍሬውን ከበሉ በኋላ ዘሩን ሩቅ ቦታ ስለሚጥሉት፥ በአጥር ሥር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ዛፍ ብዙ ጊዜ የእነርሱ ተክል ነው።

እንግዲህ በሳህን እህል የሚያስቀምጥ ሰው ከአራቱ ወገኖች አንደኛውን ብቻ፥ ያውም ገበሬው የሚፈራውን፥ ይጠራል። እኛ የምንመክረው የቀሩትን ሦስቱን መጥራት ነው።

ሦስተኛ፤ የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች?

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንክ» ይባላል። ሕዝቡ ይህን ስም በየአገሩ ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው፤ በመስከረም ደምቃ ትታያለች፥ ከዚያ ትጠፋለች።

በመስከረም ደምቀው ከሚታዩት ወፎች አንዳንዶቹን እንመልከት። ፊቱና ሆዱ ጥቁር፥ አንገቱና ጀርባው እሳት የመሰለ ቀይ የሆነ፥ በማሽላና በሸምበቆ ላይ እየተንፏቀቀ የሚጮህ ትንሽ ወፍ አለ፤ ሊቃውንት ዩፕሌክቴስ ፍራንሲስካኑስ ይሉታል። ደግሞም ነጭና ጥቁር ለብሶ፥ ምንቃሩ ቀይ ሆኖ፥ ከሰውነቱ የሚበልጥ ረጅም ጅራት እያወዛወዘ የሚበር ሌላ አለ፤ እርሱ ቪዱዋ ማክሩራ ይባላል። እነዚህ ወንዶች ያን ልብስ የሚለብሱት ዝናብ በሚጥልበትና ሣሩ በሚያድግበት በእርባታቸው ጊዜ ነው። እርባታው ሲያልቅ ላባቸውን ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ያን ጊዜ ከተራ ድንቢጥ የሚለያቸው ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለችው የመስቀል ወፍ ከአገር አልወጣችም። በኅዳርም፥ በጥርም፥ በግንቦትም በአጥራችን ሥር ሣር ስትለቅም ትውላለች፤ ያላወቅናት ልብሷን ስለ ለወጠች ብቻ ነው። ይህ ለአትክልተኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በመስከረም እንድትደምቅልን የምንፈልጋት ወፍ በቀሩት 11 ወራት ምግብና መጠለያ ማግኘት አለባት። ግቢን እስከ መጨረሻይቱ ሣር ድረስ ጠርጎ መላጣ ማድረግ ንጽሕና ሊመስል ይችላል፤ ለወፍ ግን ረኃብ ነው። ከአጥር ሥር አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው ሣር ሳይታጨድ ቢቀር ይበቃል። ረጅም ጅራት ያለው ወፍ ደግሞ እንስቱ እንቁላሏን የምትጥለው ራሷ ጎጆ ሠርታ ሳይሆን በሌሎች ትንንሽ ድንቢጦች ጎጆ ውስጥ ነው። ድንቢጦቹ በሣር ውስጥ ጎጆ ካልሠሩ እርሷም ልጅ የላትም።

አራተኛ፤ ምን እንትከል?

ለመትከል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአገሩ ተክል የሚበልጥ የለም፤ ወፉም ቢራቢሮውም ለብዙ ሺህ ዓመታት አብሮት ኖሯልና።

እሬት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ። ብዙዎቹ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያብባሉ፤ ውሃ ብዙ አይሹም፤ አገዳቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ቀሰም ጠጪው ወፍ ተቀምጦበት ይጠጣል። ከእናቲቱ ሥር የሚበቅለውን ግልገል ነቅሎ መትከል ይቻላል። ለሸዋ ሮቢት ግቢ አንድ ተክል ብቻ ምረጡ ብንባል እሬትን እንመርጣለን።

ዋንዛ። ነጭ አበባው ንብንና ቢራቢሮን ይስባል፤ ጣፋጭ ፍሬውን ወፎች ይወዱታል፤ ጥላው ለሰው፥ እንጨቱም ለዕቃ ይሆናል።

አጋም። እሾኻማ ስለ ሆነ ከብትም ድመትም የማይደፍረው አጥር ነው። አበባው መዓዛ አለው፤ ጥቁሩን ፍሬ ሰውም ወፍም ይበላዋል፤ ትንንሽ ወፎች በመካከሉ ጎጆ ይሠሩበታል። ከቆርቆሮ አጥር ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ብዙ ነው።

ቁርቁራና ግራር። ሁለቱም ድርቁን ይችላሉ። ቁርቁራ ፍሬ ይሰጣል፤ በግራር ላይ ደግሞ በአበባው ጊዜ የሚሰበሰቡት ነፍሳት ለነፍሳት ለቃሚ ወፎች ማዕድ ናቸው።

ሾላ። ግቢው ሰፊ ለሆነ ሰው፥ ወይም ለትምህርት ቤት፥ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ቅጥር። አንድ ሾላ ሲያፈራ ርግብ፥ ዋኔና ሌሎችም ፍሬ በላተኞች ከየአቅጣጫው ይሰበሰቡበታል። ከቤት ግድግዳ አጠገብ ግን አይተከልም፤ ሥሩ መሠረት ያናጋል።

ፓፓያና ማንጎ ያለው ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን አንድ ፍሬ ሳይለቅም ቢተው፥ ለወፎቹ ድርሻ ከፈለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። «የወፍ ቆሎ» የሚባለውን ቁጥቋጦ ብዙ ሰው ለአበባው ውበት በአጥሩ ላይ ይተክለዋል። ቢራቢሮ ይወደዋል፤ ወፍም ጥቁር ፍሬውን ይለቅመዋል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ሆኖም ይህ ተክል ከሐሩር አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ወፎች ዘሩን በየሜዳውና በየገደሉ ስለሚበትኑት ግጦሹን ይሸፍናል፤ ቅጠሉን የበሉ ከብቶችም ይመረዛሉ። በአንድ ግቢ የተተከለ ውበት ለወረዳው ዕዳ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሳህኑ ማሽላ የአንድን ጎረቤት ቢጎዳ፥ የወፍ ቆሎ የስንቱን አርብቶ አደር ይጎዳል! ስለዚህ አትትከሉት፤ ካላችሁም ፍሬ ሳይይዝ ንቀሉት።

አምስተኛ፤ ስለ ውሃና ስለ ወባ

ሮቢ፥ ጀውሃና አጣዬ ወንዞች በአገሩ ቢያልፉም፥ በበጋ ከወንዝ ርቆ የሚገኝ ግቢ ለወፍ በረሃ ነው። ስለዚህ በደረቁ ወራት አንድ ሳህን ውሃ ከአንድ ኩንታል እህል ይበልጥ ወፍ ይጠራል፤ የማንንም ሰብል አይነካም።

ሳህኑ ዝርግና ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይጠልቅ ይሁን፤ ትንንሾቹ ወፎች እንዳይሰጥሙ በመካከሉ ሻካራ ድንጋይ ይቀመጥበት። የሸክላ ገበቴ ወይም የተሰበረ የእንስራ ቂጥ ጥሩ ነው፤ የሚያሟልጭ ፕላስቲክ አይመረጥም። ድመት ተደብቃ እንዳትዘልበት ከቁጥቋጦው ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ነገር ግን ወፉ ቢደነግጥ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ በቅርቡ ይኑር።

አሁን ዋናው ነገር። ሸዋ ሮቢት ወባ ያለበት አገር ነው። የወባ ትንኝ በተጠራቀመ ውሃ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በቆላ ሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ የሚበር ትንኝ ለመሆን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚህም በላይ፥ በኢትዮጵያ መኖሩ በ2016 እ.ኤ.አ. የታወቀው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ፥ በበርሜልና በቤት ውሃ ማጠራቀሚያ መራባት ልማዱ ነው። ስለዚህ ሳህኑ በየቀኑ ማታ ይደፋ፥ ይታሸት፥ ጠዋት አዲስ ውሃ ይጨመርበት። ይህን በየቀኑ ለማድረግ ያልቻለ ሰው ሳህኑን ባያስቀምጥ ይሻላል። ለወፍ ተብሎ ሕፃን በወባ ሊታመም አይገባም።

የተደፋውም ውሃ ከንቱ አይቀርም። በአንድ ቦታ ላይ ዘወትር ቢደፋ አፈሩ እርጥብ ይሆናል። ወንዶቹ ቢራቢሮዎች በእርጥብ አፈር ላይ ተሰብስበው ከውሃው ጋር ጨውና ማዕድን ይመጥጣሉ። በወንዝ ዳር በመቶ እየሆኑ አፈር ላይ ተቀምጠው የምናያቸው ስለዚህ ነው። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር።

ስድስተኛ፤ ቢራቢሮ የሚፈልገው ቅጠል

ብዙ ሰው ቢራቢሮ ለመጥራት አበባ ይተክላል፤ ከዚያም በቅጠል ላይ ትል ሲያይ ጨፍልቆ ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው እንግዳውን በፊት በር እየጠራ ልጆቹን በጓሮ በር እንደሚገድል ነው። ቢራቢሮ በሕይወቱ አራት ደረጃ ያልፋል፤ መጀመሪያ እንቁላል፥ ቀጥሎ ቅጠል የሚበላ ትል፥ ከዚያ ራሱን ጠቅልሎ በቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠልበት የጸጥታ ጊዜ፥ በመጨረሻ ክንፍ ያለው ቢራቢሮ። አበባ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው። ለትሉ ቅጠል ያስፈልገዋል፤ ያውም እያንዳንዱ ዓይነት ከጥቂት ተክሎች በቀር ሌላውን አይቀምስም።

በግቢያችን ሁላችን ልናየው የምንችለው ምሳሌ የሎሚና የብርቱካን ቢራቢሮ ነው። ጥቁር ክንፉ በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ትልቅ ቢራቢሮ ሲሆን፥ ሊቃውንት ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይሉታል። እንስቷ እንቁላሏን በሎሚ ለጋ ቅጠል ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ልክ የወፍ ኩስ ስለሚመስል፥ ወፍ ንቆት ያልፋል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። የነካው እንደ ሆነ ከራሱ በላይ ብርቱካንማ ሁለት ቀንድ አውጥቶ ክፉ ሽታ ይለቃል። አንድ ትል ከወፍ ለመዳን ሦስት ዓይነት ዘዴ ማወቁ ያስደንቃል።

ይህ ትል ገና የተተከለ የሎሚ ችግኝ ላይ ቢበዛ ቅጠሉን ሊጨርሰው ይችላል፤ ገበሬው የሚጠላው ያለ ምክንያት አይደለም። በትልቅ ዛፍ ላይ ግን ጥቂት ትሎች የሚያደርሱት ጉዳት አይታይም። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከችግኙ ላይ ትሉን ከነቅጠሉ አንሥቶ ወደ ትልቁ ዛፍ ማዛወር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቆላ መንገድ ዳር የሚበቅለው፥ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስ የሚባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ ትል እንዲህ ያሉትን ወተታም ተክሎች ይበላል። መርዙን በሰውነቱ ስለሚያጠራቅም፥ አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ሁለተኛ አይነካውም። ከዚህ የተነሣ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የተባለች መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ፥ እንስቷ የዳናውስን መልክ መስላ ትዞራለች፤ ወፎቹም ተሳስተው ይተዋታል። የጦቢያው ወተት ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይተከል። ከአጥር ውጭ በራሱ የበቀለውን ግን ያለ ምክንያት አትቁረጡት።

ሦስተኛው ጉመሮ ነው። በእሾኹ ምክንያት ሁሉ የሚጠላው ይህ ሐረግ፥ ብዙ ጊዜ በመንጋ ሲያልፉ ለምናያቸው፥ ክንፋቸው ላይ ቡናማ ሥር ለሚታይባቸው ነጫጭ ቢራቢሮዎች መራቢያ ከሚሆኑት ተክሎች አንዱ ነው። እንግዲህ «አረም» ወይም «እሾኽ» ብለን የናቅነው ሁሉ የአንድ ቢራቢሮ አልጋ ሊሆን እንደሚችል እንገንዘብ።

ሰባተኛ፤ መርዝ ስለ መርጨት

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ በአንድ ማለዳ ሊፈርስ ይችላል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ከልማቱ ጋር የተባይ መድኃኒት ይረጫል። በይፋት የሚኖር ሰው መርጨትን ጨርሶ ተው ሊባል አይችልም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቁ ቆላ ሰብል ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው፥ መርዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ ያውቃል።

ነገር ግን መርዝ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ለግሪሳ ማደሪያ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መርዝ ግሪሳውን ብቻ ሳይሆን አብረው ያደሩትን ሌሎች ወፎች፥ የሞተውን ግሪሳ የሚበሉትንም ጭልፊቶች ይገድላል። ይህ ጭንቀት በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ራሼል ካርሰን የተባለች አሜሪካዊት የባሕር ሕይወት ተመራማሪ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ዲዲቲና መሰሎቹ ከነፍሳት ወደ ወፎች እንዴት እንደሚተላለፉ ለሕዝብ አስረድታ ብዙ ክርክር አስነሥታ ነበር።

ስለዚህ ለቤት ግቢ የምንመክረው ይህ ነው። ለጎመንና ለቃሪያ መርዝ አትርጩ፤ ትሉን በእጅ ልቀሙ፥ የቀረውን ለወፎች ተዉ። ፍሬ ፈልፋዮቹ እንኳ፥ ግሪሳም ጭምር፥ ጫጩቶቻቸው ትንሽ ሳሉ ነፍሳት ያበሏቸዋል። በማሳ ላይ መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ባለበት ሰዓት፥ ንብና ቢራቢሮ በሚሠሩበት ቀትር አይሁን፤ ወደ ማታ ነፋስ ሲረግብ ይሁን። የመድኃኒቱ ዕቃ ታጥቦ የወፍ ውሃ ማጠጫ ወይም የቤት ዕቃ ከቶ አይደረግ።

መደምደሚያ

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ጓደኞቻችን «እኛ ተማሪዎች ነን፤ ግቢ የለንም» ትሉ ይሆናል። ደብተር ግን አላችሁ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር፥ በ1971 እ.ኤ.አ. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲታተም፥ መሠረቱ በየስፍራው የተጻፈ የቀንና የቦታ ማስታወሻ ነበር። ሥራውም ገና አላለቀም። ከአንኮበር አምባ ላይ የሚኖረው፥ ስሙን ከአንኮበር ያገኘው ትንሽ ወፍ ለሳይንስ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ከአንኮበር በታች ባለው ቆላ በ1880ዎቹ ተይዞ የነበረ፥ ጉሮሮው ቢጫ የሆነ ሌላ ድንቢጥ ደግሞ፥ መቶ ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ እንደገና የተገኘው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ ወፉ በዚያው ነበረ፤ እረኞቹም ያዩት ነበር። የጎደለው የሚጽፍ ሰው ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ይፋትም ሆነ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱ ሁሉ፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ያያችሁትን ወፍ ወይም ቢራቢሮ፥ የተቀመጠበትንም ተክል ጻፉ። የአገሩን ስም ከሽማግሌዎችና ማማ ላይ ካሉት ልጆች ጠይቁ፤ ግሪሳን ከሌላው በድምፁ ብቻ የሚለይ ልጅ ከብዙዎቻችን ይበልጥ ያውቃል።

ያን ሳህን በተመለከተ፥ ዛሬም በዚያው ግቢ ይገኛል። አሁን ግን የያዘው ማሽላ ሳይሆን ውሃ ነው፤ በአጠገቡም ሦስት እሬት ተተክሏል። ጓደኛችን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ ማታ ማታ እየደፉ ጠዋት አዲስ ውሃ የሚያደርጉበት እማማ ናቸው።